«ፍየል የምትበላውን ስጣት» እና ሌሎች የጥንቸል መኖ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የእንስሳት መኖ የሚለካው በፍየል ነው። መጋላ ሂዱ፣ ሳቢያን ሂዱ፣ አንዷ ፍየል ካርቶን እያኘከች ታልፋችኋለች። ስለዚህ ጥንቸል የገዛ ሰው «ምን ላብላት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ቅርብ ነው፤ «አቦ፣ ፍየል የምትበላውን ስጣት!»

ከግቢና ከሜዳ ቅጠል መልቀሙ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥንቸል ፋብሪካ ያመረተውን መኖ ሳትቀምስ ጤነኛ ሆና ማደግ ትችላለች። የተሳሳተው መለኪያው ነው። ፍየል ታመሰኳለች፤ ጨጓራዋ አራት ክፍል አለው፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ለሌላ እንስሳ የማይመቸውን ብዙ ነገር ይፈጩላታል። የጥንቸል ጨጓራ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ማስታወክ እንኳ አትችልም። የገባው ገባ ነው።

«ገራባ ፍየሉን ምን አደረገው?»

ከበርጫ (ከጫት ቅሚያው) በኋላ የሚተርፈው ገራባ የፍየሎች ድርሻ መሆኑን ድሬም ሐረርም የኖረ ሁሉ ያውቃል። ለጥንቸል ሲሰጥ ግን ብዙ ጣጣ አለው። ጫት የልብ ምት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ሰው ምሳውን ቢዘል ማታ ያካክሳል። ጥንቸል ግን ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየበላች ካልዋለች አንጀቷ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ሊገድላት ይችላል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገርም ሆድ ያደርቃል። በዚያ ላይ ማሳው ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ አለ። «አጥቤ እሰጣታለሁ» የሚል አይጠፋም። መድኃኒቱ በከፊል ቢታጠብ እንኳ ጫቱ ራሱ አይታጠብም።

«ጥንቸል ውሃ አትጠጣም፣ ቅጠሉ ይበቃታል»

ከሁሉም በላይ ጥንቸል የሚገድለው አባባል ይህ ይመስለኛል። ጥንቸል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። 3 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል አንድ ትንሽ ሃይላንድ የሚጠጋ ውሃ ልትጠጣ ትችላለች ማለት ነው። የምታጠባ ከሆነች ከዚያም በላይ። እርጥብ ቅጠል ስትበላ የምትጠጣው ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ያቺን አይቶ ነው ሰው «አትጠጣም» ያለው። ድርቆሽ የበላች ጥንቸል ውሃ ካጣች ግን መብላቷንም ትተዋለች።

በዚህ ላይ ድሬ ሐረር አይደለችም። ሐረር 1,800 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ያልፋል። ጥንቸል እንደ እኛ አታልብም፤ ሙቀት የምታወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትጨነቃለች፣ ምግብም ትቀንሳለች። ስለዚህ ዋናውን መኖ ማለዳና ማታ ስጧት። ቀትር ላይ ደግሞ ውሃ ሞልታችሁ በረዶ ያደረጋችሁትን ላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። ተጠግታው ስትተኛ ታያላችሁ።

«የጥንቸል ምግብ ካሮት ነው»

የካርቱን ጥንቸል ምግብ ነው። ሥሩ ስኳር ይበዛዋል፣ አልፎ አልፎ ቁራጭ ይበቃል። እናንተ ሥሩን ለወጥ ያዙትና አናቱ ላይ ያለውን ቅጠል ለእሷ ስጡ። ጥቅል ጎመንም ሲበዛ ሆድ ይነፋል።

«አረንጓዴ ነገር ከሞላላት ሌላ አያስፈልጋትም»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጥንቸል መኖ አብዛኛው ሣር መሆን አለበት፤ ትኩስ ሣር ወይም ድርቆሽ። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ። የሚሞረድላት በዋናነት ሣር ስታኝክ ነው። አንጀቷንም የሚገፋው የሣሩ ቃጫ ነው። ሰላጣ ብቻ የምትበላ ጥንቸል ሆዷ ይለሰልሳል፣ ጥርሷም ይረዝማል።

ሰርዶ በየግቢው አለ፤ እሱን የሚያህል ነገር አትፈልጉ። የዝሆን ሣርም ይሆናል፤ ግንዱ ሳይጠነክር ነው የሚታጨደው። ችግሩ በጋ ላይ ነው፤ ድሬ ውስጥ ከጥቅምት በኋላ ለምለም ነገር ፍለጋ ነው። ስለዚህ ነሐሴና መስከረም ላይ ሣሩ ዘር ሳያወጣ እጨዱት፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ። በስሱ ዘርግታችሁ፣ ቶሎ ቶሎ እያገላበጣችሁ አድርቁት። ሲደርቅም አረንጓዴነቱ ካልለቀቀና ደስ የሚል ሽታ ካለው ተሳክቷል። ስትጨብጡት አቧራ የሚቦንበት ወይም የሻገተ የሚሸት ከሆነ ጣሉት። ትኩስ ሣርም ከሆነ ከምራችሁ አታሳድሩት። እጃችሁን ክምሩ መሃል ብትከቱ ይሞቃል፤ መብላላት ጀምሯል ማለት ነው፣ ሆድ ይነፋል።

ከሣሩ ላይ የሚጨመረውማ ሞልቷል። የስኳር ድንች ሐረግ፣ ጭጎጊት፣ የበቆሎ ቅጠል፣ ሽፈራው። ሽፈራው በድሬ ሙቀት ደህና አድርጎ ይበቅላል፣ ቅጠሉ ፕሮቲን አለው፣ ጥላ ላይ ደርቆም ይቀመጣል። አልፋልፋ ለምታጠባና ለግልገሎች መልካም ነው፤ ለትልቅ ጥንቸል ግን ካልሲየሙ ስለሚበዛ በዋና መኖነት አይመከርም። ሉሲኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ግን ብዛቱ ፀጉር ያረግፋል፤ ሚሞሲን የሚባል ነገር አለው።

ማንኛውንም አዲስ ቅጠል በጣት ቆንጥሮ መጀመር፣ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ መጨመር ነው።

«ማሽላ ነው፣ ምን ያደርጋታል?»

ሐረርጌ ውስጥ ከማሽላ ማሳ የሚሳሳውን ችግኝ ለከብት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ዝናብ ከድቶት የጠወለገ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ፣ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ ከብትንም ይገድላል፤ ገበሬው አሳምሮ ያውቀዋል፣ ከተማ ውስጥ ከገበያ የሚገዛው ሰው ነው የማያውቀው። ለጥንቸል ትኩስ ለጋ ማሽላ አትስጡ።

«መርዙን ራሷ ታውቃለች»

ሜዳ ላይ ያደገች የዱር ጥንቸል ከእናቷ ሽታና ጣዕም ትማራለች፣ ምርጫም አላት። ሳጥን ውስጥ የተወለደችው ግን የቀረበላትን ነው የምትበላው፣ ከራባት ደግሞ ሁሉንም። እነዚህን አታስጠጓት፦ አስተናግር፣ ጉሎ፣ የወፍ ቆሎ፣ እምቧይ፣ የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ የአቮካዶ ቅጠል። አጥር የሚሆነው ቅንጭብም ነጭ ደሙ ያቃጥላል። ከዚያ ፓርቴኒየም አለ፣ እዚህ ፋራምሲሳ የሚሉት። ይህ አረም በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በዚሁ በምሥራቁ ክፍል ነው፣ በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። ዛሬ የመንገዱን ዳር ይዞታል። ነጫጭ አበባው ለምለም ሣር መሃል ተደብቆ ስለሚታጨድ፣ ሣሩን ከማቅረባችሁ በፊት ዘርግታችሁ ልቀሙት። የሚያጭደው እጅም ያሳክከዋል።

«የተረፈ እንጀራና ለውዝ ምን አለበት?»

እንጀራና ዳቦ ስታርች ናቸው፣ ሆዷን ያቦካሉ። የባቢሌ ለውዝ ፍሬውን እናንተ ብሉት። ግንዱና ቅጠሉ ግን በደንብ ከደረቀ ግሩም ድርቆሽ ነው። ከሻገተ ግን አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አለ፣ ጥንቸል ደግሞ ለእሱ እጅግ ደካማ ናት።

«ኩሷን ትበላለች፣ ታማለች»

አልታመመችም። ሁለት ዓይነት ነው የምትጥለው። ደረቁ ክብ ክቡ ቆሻሻ ነው። ለስላሳውን ከመውጫው ላይ ቀጥታ ትቀበለዋለች፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን ያገኘችው እዚያ ነው። መጨነቅ ያለባችሁ ለስላሳው ሳይበላ መሬት ላይ ሲከማች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭና እህል በዝቶ ሣር አንሷል።

«ሽንቷ ቀላ፣ ደም ነው»

ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ የመጣ ቀለም ነው፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ነጣ ብሎ መደፍረሱም ትርፍ ካልሲየም ነው። የረጋ ደም ካያችሁ፣ ስትሸና ካማጠች፣ ወይም ግማሽ ቀን ምንም ሳትበላና ሳትጥል ከዋለች ግን ቅጠል መቀያየሩን ትታችሁ ያኔውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።