«ላክ» የምንልባቸው ሳምንታት

ባለፈው ዓመት፣ በስብከት እሑድ ነው፤ ከገና በፊት ካሉት ሦስት ልዩ ሳምንታት የመጀመሪያው እሑድ። ቅዳሴ አልቆ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተቀምጠናል። ዲያቆኑ የሰበከውን ምስባክ፣ ከወንጌል በፊት በዜማ የሚባለውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ እየተረጎምኩላቸው ነበር። «ፈኑ እዴከ እምአርያም»፣ እጅህን ከአርያም ላክ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ክርስቶስ ተወልዶ የለም እንዴ? ለምን አሁንም ላክ እንላለን?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩት። መምህር ሲጨንቀው የሚላት ነገር ናት። መልሱን ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠርኩትና ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ከረምኩ።

የነቢያት ጾም፣ ብዙዎቻችን የገና ጾም የምንለው፣ ኅዳር 15 ይገባል። «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለው የየዓመቱ ክርክርም አብሮት ይገባል። ክርክሩ ሳያልቅ ጾሙ ያልቃል። ከታኅሣሥ 7 እስከ 27 ደግሞ ሦስት ሳምንታት አሉ። ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። ምዕራባውያን ክርስቲያኖች «አድቬንት» የሚሉት ዘመን አላቸው፤ በላቲን መምጣት ማለት ነው። በየእሑዱ አንድ ሻማ እየጨመሩ አራት ያበራሉ። እኛ በየእሑዱ የምንጨምረው ምስባክ ነው።

ሦስቱን ምስባኮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው። የስብከቱ «እጅህን ላክ» ነው (መዝ. 143፥7)። የብርሃኑ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ይላል፤ አማርኛው «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» ይለዋል (መዝ. 42፥3)። የኖላዊው «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» ነው፤ የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ አድምጥ (መዝ. 79፥1)። ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት እንኳ «ተወለደ» የሚል የለም። ሦስቱም ልመና ናቸው።

የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት «ከብዙ ውኆች አስጥለኝ» ይላል። ስለዚህ ለማኙ ውኃ የወሰደው ሰው ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። ጎርፍ ያንገላታው ሰው ገመድ ቢወረወርለት የሚይዝበት አቅም የለውም። ከዳር ሆኖ ምክር መስጠትማ ጭራሽ አይረዳውም። አንድ ሰው ገብቶ እጁን ይዞ ሊጎትተው ይገባል። ሊቃውንቱ እዚህ ላይ «እጅ» የተባለው ወልድ ነው ብለው ይተረጉማሉ። ጌታ ራሱ ውኃው ውስጥ ገባልን ማለት ነው።

ነቢያቱ ይህን ሲለምኑ ኖሩ። አዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ተስፋ ተሰጥቶት፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ፣ 5,500 ዘመን ተጠበቀ። ኢሳይያስ «ሰማዮችን ቀድደህ ምነው ብትወርድ» ብሎ ጮኸ (64፥1)፤ በሥጋ ሳያየው ሞተ። ጌታም «ብዙዎች ነቢያትና ጻድቃን የምታዩትን ሊያዩ ተመኝተው አላዩም» ብሎ መስክሮላቸዋል (ማቴ. 13፥17)። እኛ፣ መምጣቱን ያየነው፣ በነዚህ ሳምንታት እነሱ በቆሙበት ቦታ ቆመን፣ በእነሱ ቃል እንለምናለን።

የጾም ሽሮ በዘጠኝ ሰዓት እንዴት እንደሚጥም ታውቃላችሁ። ሽሮው ያው ሽሮ ነው፤ የተለየ ቅመም አልገባበትም። ልደትም ለብዙዎቻችን የማይጥመን ሳንራብ ስለምንደርስበት ይመስለኛል። እኔ ራሴ ጾም ሲገባ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ማኪያቶዬ ነው። አሁን የጾም ማኪያቶ ስላለ እሱም ብዙ አያሳስበኝም። ታዲያ «እጅህን ላክ» ስል የሰጠመው የቱ ጎኔ እንደሆነ እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። ዜማውን ግን እወደዋለሁ።

የዚያው የስብከት እሑድ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 1 ነው። ፊልጶስ ናትናኤልን ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አገኘነው ይለዋል። ናትናኤል ተጠራጠረ። ፊልጶስ አልተከራከረውም፤ «መጥተህ እይ» አለው። ሲመጣ ጌታ ምን አለው? «ፊልጶስ ሳይጠራህ፣ ከበለስ በታች ሳለህ አየሁህ።» እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው። ናትናኤል መሲሑን ገና ሲጠብቅ መሲሑ አስቀድሞ አይቶት ነበር።

በብርሃን እሑድ ለልጁ ይህንኑ በአጭሩ ልነግረው ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ቅዳሴው ላይ ከጎኔ ቆሟል። ዲያቆኑ «ፈኑ ብርሃነከ» ብሎ ሲጀምር ነጠላዬን ጎተት አደረገኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ላክ አሉ» አለኝ፤ ከሕዝቡም ጋር አብሮ ተቀበለ።