«ቢያንስ» ሲባል ምልክቱ የትኛው ነው?

3ሀ + 5 > 20 የሚለውን ያለእኩልነት ያለ ችግር የሚሠራ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ያው ነገር በቃላት ሲቀርብለት ግራ ይጋባል። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የስሌት ሳይሆን የንባብ ነው። ደብተር ሳርም ደጋግመው የሚገጥሙኝ የተሳሳቱ ግምቶች እነዚህ ናቸው።

«ቢያንስ» ውስጥ «ማነስ» ስላለ ምልክቱ ≤ ነው

ከሁሉም በላይ ልጆችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ወጥመዱ ያለው ቃሉ ውስጥ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። «ለማለፍ ቢያንስ 50 ነጥብ ያስፈልጋል» ሲባል፣ ነጥቡን በ«ነ» ወክለው ነ ≤ 50 ብለው ይጽፋሉ። በዚህ አጻጻፍ 12 ያመጣ ያልፋል፤ 80 ያመጣ ይወድቃል።

«ቢያንስ» ማለት «አነሰ ቢባል እንኳ 50» ማለት ነው። 50 ወለሉ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም። ስለዚህ ነ ≥ 50። «ቢበዛ» ደግሞ «በዛ ቢባል እንኳ» ነውና ጣሪያውን ይነግረናል፦ «ክፍሉ ቢበዛ 30 ሰው ይይዛል» ሲባል ሰ ≤ 30።

ቃልና ምልክት አዛምዶ ማሸምደድ እዚህ ላይ አይረዳም፤ እንዲያውም ይጎዳል ባይ ነኝ። እኔ ተማሪዎቼን ምልክት ከመጻፋቸው በፊት ሦስት ቁጥሮች አስሞክራቸዋለሁ፦ 49፣ 50፣ 51። የትኛው ያልፋል? 50 እና 51 ካሉ፣ የምልክቱ አቅጣጫም እኩልነቱ መካተቱም በአንድ ጊዜ ተፈታ።

«አይበልጥም» እና «ያንሳል» አንድ ናቸው

አይደሉም። «ከ30 ያንሳል» 30ን አያካትትም፤ «ከ30 አይበልጥም» ግን ያካትታል፤ 30 ራሱ ከ30 አይበልጥምና። ልዩነቷ ቀላል ብትመስልም የራሷ ምልክት ያስፈለጋት ናት። < እና > በቶማስ ሃሪየት መጽሐፍ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1631 ሲሆን፣ ፒየር ቡጌር ከሥራቸው የእኩል ምልክት መስመሮችን ጨምሮ የተጠቀመባቸው በ1734 ነው።

«ያንሳል» ባለበት ሁሉ ያለእኩልነት አለ

«ወንድምየው ከእህቱ በዕድሜ ያንሳል» ያለእኩልነት ነው፦ ወ < እ። «በ5 ዓመት ያንሳል» ከተባለ ግን ልዩነቱ ታውቋል፤ ወ = እ − 5 ይሆናል። ሁሉን የለወጠችው «በ5» ናት።

የመቀነስ ምልክት ከታየ አቅጣጫው ይገለበጣል

የስልክ ባትሪ 90 በመቶ አለው፤ በየሰዓቱ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ20 በታች እንዲወርድ አንፈልግም። የሰዓቱን ብዛት በ«ሰ» ብንወክል፣ 90 − 8ሰ ≥ 20። ከሁለቱም ወገን 90 ስንቀንስ −8ሰ ≥ −70 ይሆናል፤ እስካሁን የሚገለበጥ ነገር የለም። የሚገለበጠው ለ −8 ስናካፍል ነው፦ ሰ ≤ 8.75። ምክንያቱም 3 ከ5 ቢያንስም −3 ከ −5 ይበልጣል፤ በአሉታዊ ቁጥር ማባዛትና ማካፈል ቅደም ተከተሉን ያዞረዋል። የተጠራጠረ 10 ሰዓትን ይሞክር፦ ባትሪው 10 በመቶ ብቻ ይቀረዋል።

መልሱ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ወደ ቅርቡ ማጠጋጋት ነው

200 ተማሪዎችን እያንዳንዳቸው 45 ሰው በሚይዙ አውቶቡሶች ለማጓጓዝ 45አ ≥ 200 ያስፈልጋል፤ አ ≥ 4.44… ይሆናል። ወደ ቅርቡ ያጠጋጋ 4 ይላል፤ 20 ልጆችም ቆመው ይቀራሉ። መልሱ 5 ነው።

ካርቶን በሊፍት ሲጫን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሊፍቱ የሚችለው 600 ኪሎ ግራም ነው፤ የሚገባው ሰው 75፣ አንዱ ካርቶን 45 ይመዝናል። 45ካ + 75 ≤ 600፤ ካ ≤ 11.66…። ይህ ለ12 ይቀርባል፤ 12 ካርቶን ግን ከሰውየው ጋር 615 ኪሎ ግራም ነው። የሚጫነው 11 ብቻ ነው።