ደንሎፕ፦ ስሙን ሰጥቶ የወጣው የከብት ሀኪም

ደንሎፕ ሲባል ጎማ ላይ የተጻፈች ስም ናት ትዝ የምትለን፣ ግን የሰው ስም ነው፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ ስኮትላንዳዊ፣ ስራው ደግሞ ቤልፋስት ላይ ከብትና ፈረስ ማከም። በ1887 (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ልጁ ድፍን ጎማ ባላት ባለሶስት እግር ሳይክል ድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ አየና ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሰርቶ ክብ እንጨት ላይ አስሮ አየር ሞላው፣ ከዛ የሳይክሏን ቸርኬና አዲሱን ግቢ ውስጥ አንከባለላቸው፣ የድሮው መሀል ላይ ወደቀ፣ አየር ያለው ግን ሄዶ ሄዶ በሩን መትቶ ነጠረ። ነገሩ ቀላል ነው፣ አየሩ ጉብታውን ስለሚውጠው ጉልበቱ በንግጭግጭታ አያልቅም።

በ1888 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወሰደ። በ1889 ዊሊ ሂዩም የሚባል ሳይክለኛ ቤልፋስት ላይ በዚህ ጎማ ተወዳድሮ ሲያሸንፍ፣ ሀርቪ ዱ ክሮስ የሚባል የደብሊን ወረቀት ነጋዴ ነገሩ ገባውና ከደንሎፕ ጋር እዛው ደብሊን ላይ ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያውን ኩባንያ ያደረገው በእኔ እይታ ዱ ክሮስ ነው። ምክንያቱም አመት ሳይቆይ ጉድ መጣ፣ ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ነገር ገና በ1845 ፓተንት አስደርጎት ነበር፣ ስለዚህ የደንሎፕ ፓተንት ውድቅ ሆነ። ዱ ክሮስ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፣ ጎማውን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዙትን የዌልችንና የባርትሌትን ፓተንቶች ገዛ፣ እና አስቡት፣ ጎማ ተበስቶ ካላማዳሪያ አውጥቶ መለጠፍ የተቻለው በነዚህ ነው፣ የደንሎፕ የመጀመሪያው እንጨቱ ላይ የተጣበቀ ነበር። ደብሊኖች የላስቲኩ ሽታ አስመርሯቸው ስለከሰሱ ስራው ወደ ኮቨንትሪ፣ በኋላም ወደ በርሚንግሀም ሄደ።

በ1896 ቴራ ሁሊ የሚባል ደላላ ቢጤ ኩባንያውን በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ወዲያው በ5 ሚሊዮን ለአክሲዮን ገዢዎች ሸጠው (በ1898 ራሱ ከሰረ)። ደንሎፕ በዛን ጊዜ ከኩባንያው ወጥቷል፣ የተረፈለት ማስታወቂያው ላይ ያለው ጢማም ምስሉ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው የትልቅ ኩባንያ ታሪክ ነው፣ ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ) ላይ የጎማ ዛፍ እርሻ፣ በርሚንግሀም ላይ ፎርት ደንሎፕ የሚባል ግዙፍ ፋብሪካ፣ በ1920ዎቹ የዝናብ ካፖርቱን ማኪንቶሽ ኩባንያ መጠቅለል፣ ቴኒስ ኳስ፣ የስፖንጅ ፍራሽ ምናምን። በ1971 ከጣሊያኑ ጎማ ሰሪ ፒሬሊ ጋር ተጣመሩ፣ አልሆነም፣ በ1981 ተለያዩ። እዳው ሲከመር የአውሮፓ ጎማ ስራቸውን ለጃፓኑ ሱሚቶሞ ሸጡ፣ የሚገርመው ሱሚቶሞ የጎማ ስራው የበቀለው ደንሎፕ ራሱ በ1909 ኮቤ ላይ ከከፈተው ፋብሪካ ነው፣ ልጅ አባቱን ገዛ በሉት። የቀረውን ቢቲአር የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት በ1985 ወስዶ በታተነው፣ ለዚህ ነው ዛሬ የቴኒስ ኳሱ ባለቤት አንድ ሲሆን የአውሮፕላን ጎማው ባለቤት ሌላ የሚሆነው። የፎርት ደንሎፕ ትልቁ ህንጻ ግን አልፈረሰም፣ ኤም 6 አውራ ጎዳና ዳር ቢሮና ሆቴል ሆኖ ቆሟል።