«ሳተላይታችን ተበላሸች እንዴ?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሠራ ሰው ለቅሶ ቢደርስም ሰርግ ቢጠራም የሚጠየቀው ያው ነው። እኔ የምሠራው ሥርጭት ክፍል ነው፤ ካሜራ ፊት ቆሜ አላውቅም። ግን አንዴ «ቴሌቪዥን ነው የሚሠራው» ከተባለ፣ ለዲሹም ለዜናውም ለተከታታይ ድራማውም መልስ ሰጪ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንን እልካለሁ።

«ኢቲቪን የጀመረው ደርግ ነው።» አይደለም። ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት። የእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ አግዟል፤ ስቱዲዮው ደግሞ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። በደርግ ጊዜ የመጣው ቀለሙ ነው፣ እሱም በ1970ዎቹ።

«ያኔ ቴሌቪዥን የሀብታም መጫወቻ ነበር እንጂ ምን ፈየደ?» የሀብታም መሆኑስ እውነት ነው። ምን እንደፈየደ የሚያውቁት ግን ጃንሆይ ነበሩ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሥርጭቱ ያኔ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ለደርግ ግን አዲስ አበባ በቃው።

«ኢቢሲ ሌላ፣ ኢቲቪ ሌላ።» ያው ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ኮርፖሬሽን ሲሆን ኢቢሲ ተባለ፤ ኢቲቪ የሚለው ስም ደግሞ በኋላ ለቻናሎቹ ተመለሰ።

«ዜና አንባቢዋ ያን ሁሉ እንዴት ትሸመድደዋለች?» አትሸመድደውም። ካሜራው ፊት ባለ መስታወት ላይ ጽሑፉ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ኦቶኪው ይባላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

«ኢትዮሳት የራሳችን ሳተላይት ነው።»

ኢትዮሳት የሚባል ሳተላይት ሰማይ ላይ የለም። ያለው ኤንኤስኤስ-12 የሚባል፣ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት የሆነና እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀ ሳተላይት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከኩባንያው ጋር ተስማምቶ ጣቢያዎቻችን እዚያ ተሰባሰቡ፤ ኢትዮሳት ለዚያ ስብስብ የወጣ ስም ነው። ቤት ተከራይቶ በሩ ላይ ስም መለጠፍ ባለቤት አያደርግም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አስወነጨፈች። ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ሰሞን ተሰሙና ሰው አንድ አደረጋቸው። ያቺ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ናት፤ 72 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ለእርሻና ለአካባቢ ጥናት የሚሆን የመሬት ምስል እንድታነሳ የተላከች። አንድም ቻናል ተሸክማ አታውቅም፤ ልትሸከምም አትችልም። ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ በቀን ውስጥ ደጋግማ ምድርን ስለምትዞር፣ እሷን ለመከተል ዲሻችሁ ጣሪያ ላይ ሲዞር ሊውል ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ሆነን ስናየው አንድ ቦታ የቆመ ነው። ዲሽ አስሮ መተው የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ታዲያ የማንም ይሁን፣ ለእኔ ምን ለውጥ አለው?» ትሉኛላችሁ። የዕድራችን ጸሐፊ ላይ ያመጣውን ላውራ። ኢትዮሳት ሲባል ሰምተው «በገዛ ሳተላይታችን ዲሽ ማዞር ምን አመጣው?» ብለው ዲሹን ሳይነኩ ሪሲቨር ብቻ ቀየሩ። ምንም የለም። ሌላ ሪሲቨር ገዙ። አሁንም ኖ ሲግናል። «ጋሼ፣ እስቲ ጣሪያው ላይ ልውጣ» ብዬ ስወጣ፣ ዲሹ እንደ ድሮው በስተ ምዕራብ የግብፁን ሳተላይት ናይልሳትን እያየ ተገትሯል። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ። ኢትዮሳት ያለበት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ተብሎ፣ በጣም ቀና ብሎ የሚታይ። ቡለኑን ፈትቼ ሳዞረው ሥዕሉ መጣ። ሁለቱም ሪሲቨሮች ደህና ነበሩ። ሁለተኛውን ለልጃቸው ሰጡት።

ከዚህ የሚቀጥለው ስህተት «ቻናሉ ጠፋ፤ በቃ ዘጉት» የሚለው ነው። ሆን ተብሎ ማፈን የለም አልልም። ያኔ መንግሥትን ይቃወም የነበረው ኢሳት በ2002 ዓ.ም. ከውጭ ሀገር ሥርጭት ከጀመረ በኋላ በተደጋጋሚ ታፍኗል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሲያፍኑ ወደ ሳተላይቱ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞገድ ስለሚልኩ፣ በዚያው መሥመር ያሉ ጎረቤት ቻናሎችም አብረው ይታመማሉ። የእናንተ ቤት ብቻ ተመርጦ አይታፈንም። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ይህችን ብቻ እዩ። የጠፋው አንድ ቻናል ብቻ ከሆነና ጎረቤትም ከጠፋበት፣ ችግሩ ጣቢያው ጋ ነው፤ ጄኔሬተር አልነሳ ብሎ ይሆናል፣ ወደ ሳተላይት መላኪያው የሚሄደው ፋይበር ተቆርጦ ይሆናል፣ ጠብቁ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያሉት በሙሉ ከጠፉ ቻናሎቹን አንድ ላይ አሽጎ የሚልከው ማዕከል ነው፣ አሁንም ጠብቁ። ጎረቤት እያየ እናንተ ጋ ሁሉም ከጠፋ ግን ለማንም አትደውሉ፣ ጣሪያ ላይ ውጡ።

ጣሪያው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ዲሹ ሳይሆን የኬብሉ ጫፍ ነው። ኤልኤንቢው ላይ፣ ማለት ዲሹ ፊት ሞገዱን በሚቀበለው ዕቃ ላይ፣ የምትጠመዘዘውን ፍቱና መሐል ያለችውን የመዳብ ሽቦ እዩ። አረንጓዴ ከሆነች ውሃ ገብቷል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ እንደገና አሥሩና በፕላስተር አጥብቃችሁ ጠቅልሏት። ኬብሉ ከኤልኤንቢው ሲወርድ ትንሽ ላላ ብሎ ዝቅ ይበል፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሳይከተለው ከዚያ ይንጠባጠባል። ክረምት በመጣ ቁጥር «ሥርጭታችሁ ደከመ» ከሚሉኝ አብዛኞቹ ይህችን ቢያደርጉ በሰላም ያያሉ። ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ መጥፋቱ ግን የተፈጥሮ ነው፤ ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ካልተመለሰ ነው መጠራጠር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ባለሙያ ነን የሚሉም ይስቱታል። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሥዕሉ ተሰባብሮ የሚጠፋባቸው ቀናት አሉ። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ዲሹ የሚሰማው የፀሐይዋን ጩኸት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ይደጋገምና ያልፋል። በዚያች ሰዓት ዲሽ ሠሪ የጠራ ሰው ገንዘቡን በነፃ ሰጠ፤ ሰውዬው መሰላል እስኪያቆም ሥዕሉ በራሱ ይመለሳል፣ እሱም «አስተካከልኩት» ብሎ ይወርዳል።

«የግል ቴሌቪዥን ገና ትናንት የመጣ ነው» የሚሉም አሉ። ኢቢኤስ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሳተላይት ጀምሯል። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሪሞቱን ከእጃችሁ ይቀማል።

የመጨረሻው የኳስ ሰዎች ነው። «ቀጥታ ብላችሁ ጎረቤቴ በሬዲዮ ጎሉን ቀድሞ ጮኸ፤ ቀድታችሁ ነው የምታሳዩን!» አልቀዳንም። ምልክቱ ሳተላይት ጋ ደርሶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው። የሚያዘገየው ከመላኩ በፊት ምስሉን የሚጨምቀው ማሽንና ቤት ያለው መልሶ የሚፈታው ሪሲቨር ነው፤ ተደማምሮ ሰከንዶች ይሆናል። ሬዲዮ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ጎሉን ከእኔ እኩል ማየት የፈለገ ስታዲየም ይግባ፣ ካልሆነም ጎረቤቱን ሬዲዮውን ይቀንስልኝ ይበለው።