ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።»

ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሰው ነው። በአባቱ ስም ለሚኮራ ልጅ፣ በወንበሩ ለሚመካ ሹም፣ ሥራውን ችላ ላለ ባለሙያ። ስምህም ወንበርህም አያቆይህም፣ ያለህን አሳይ ነው ነገሩ።

ሰሞኑን ግን ስለ እውነተኛ ጨው ሲነገር ሰማሁት።

እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ከሱፐርማርኬት የሂማላያ የሚባለውን ሮዝ ጨው ገዝታ መጣች። ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ዋጋዋ ግን ከተራው ጨው ጋር አይወዳደርም። እናቴ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና «ጨው ነው» አለች። እህቴ አልተዋጠላትም። «እማዬ፣ ውድ እኮ ነው! መቼም በባዶ ሜዳ እንዲህ አያስወድዱትም» አለቻት። እናቴ አባባሉን ያመጣችው ያን ጊዜ ነው።

ከተማ ያደገ ልጅ ጨውን የሚያውቀው በፌስታል የታሸገ ነጭ ዱቄት ሆኖ ነው። ከድንጋይ ጋር ምን አገናኘው ቢል አይፈረድበትም። አያቶቻችን የሚያውቁት ጨው ግን አሞሌ ነበር። አፋር ውስጥ፣ ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ሜዳ አለ። ሠራተኞች ያን የጠነከረ ቅርፊት በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሡታል፣ በመጥረቢያም ጠርበው ጡብ ያስመስሉታል። ለዘመናት ከዚያ በግመልና በበቅሎ በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ ይወጣ ነበር። ድሮ ከዚያም አልፎ ጎንደር፣ ሸዋ፣ እስከ ከፋ ድረስ ይሄድ ነበር። ገበያ ላይ እንደ ገንዘብም ይሠራ ነበር።

እንግዲህ ጥርብ ጨው እጅህ ላይ ሲቀመጥ ይከብዳል፣ ይጠነክራል፣ አቧራም ይለብሳል። ከድንጋይ የሚለየው ምላስ ብቻ ነው። አባባሉ የተነገረው ይህን በየቀኑ በሚያይ ሕዝብ መሐል ነው። ጣዕሙን ያጣ ጨው ወደ ውጭ ይጣላል የሚለው የወንጌል ቃልም (ማቴዎስ 5፥13) አብሮ ጆሮ ላይ ይመጣል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የአሞሌ ዋጋ ነገር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንን ጽፎልናል። ጨው ከሚወጣበት አካባቢ በአንድ ድራም (ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው) ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይገኝ ነበር። ከገበያ ወደ ገበያ በራቀ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንሳል። ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ለዚያው ወርቅ 6 ወይም 7 ብቻ ነው የሚሰጡህ። ክረምት ሲሆን ደግሞ 5።

እስቲ አስቡት። ከአንድ ሜዳ የተጠረበ ያው ጨው ነው። መንገድ ላይ አንዲት ቅንጣት ጣዕም አልጨመረም። የተጨመረበት የግመሉ ድካም፣ የነጋዴው ትርፍና የክረምቱ ጭቃ ነው። ንጉሡ ሰፈር አሞሌ የገዛ ሰው ዳሎል ላይ ከገዛው የተሻለ ጨው በላ ሊባል አይችልም።

የእህቴም ጨው ታሪኩ ይኸው ነው። የሚወጣው ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ ካለው የኬውራ ማዕድን ነው። ሮዝ ያደረገው በውስጡ ያለው ጥቂት የብረት ማዕድን ነው። የቀረው በጠቅላላ ማለት ይቻላል ያው የምናውቀው ጨው ነው። ዋጋው የጠርሙሱ፣ የመንገዱና የስሙ ነው።

«እኔ ግን ስቀምሰው ይለያል» የሚል ይኖራል። ውሸታም ነው አልልም። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ለሰዎች ወይን አቀመሱ። አንዱን ወይን አንዴ 90 ዶላር ነው፣ አንዴ 10 ዶላር ነው እያሉ ሰጧቸው። ቀማሾቹ ባለ 90ው በጣም ይጣፍጣል አሉ። አንጎላቸው ሲታይም የደስታ ስሜትን የሚያሳየው ክፍል ይበልጥ ሠርቷል። ዋጋው ቀድሞ ከተሰማ ምላስም ይሸወዳል ማለት ነው። እናቴ ዋጋውን ሳትጠይቅ መቅመሷ ለዚህ ጠቅሟታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ርካሹ ጨው ውስጥ ውዱ የሌለው ነገር ሊኖር ይችላል፤ እሱም አዮዲን ነው። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ይመጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ማህፀን ውስጥ ያለውን ልጅ የአእምሮ እድገት መጉዳቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልጋታል። ደጋ አገራችን እንቅርትን በደንብ ያውቀዋል፣ አንገታቸው ያበጠ እናቶችን አይተን ያደግን ብዙ ነን። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አውጥቶ ያስገደደው። ሮዙ ጨው ግን ብዙውን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም። የእህቴን ጠርሙስ ዙሪያውን አነበብነው፣ አዮዲን የሚል ቃል የለበትም። ሱቅ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት ይህን ቃል ፈልጉ። ቤት ከገባ በኋላም ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ አዮዲኑ ሙቀት ላይ ሲቆይ ይቀንሳል።

እህቴ ትንሽ ቅር አላት። ገንዘቧ ነው፣ ደግሞም ለልጇ ብላ ነው የገዛችው። እናቴም አልተቆጣቻትም። በማግስቱ ከሰፈር ሱቅ አዮዲን የተጻፈበትን አንድ ፓኬት ገዝታ ክዳን ባለው ጣሳ ገለበጠችላት፣ ጣሳውንም ከምድጃው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።