ስግብግብ፣ ንፉግ፣ ስስታም፦ የቱን መቼ?

ሦስቱ ይምታታሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ስግብግብ ከድርሻው በላይ የሚያግበሰብስ ነው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ዋጋው እስኪንር ጤፉን መጋዘን የሚቆልፍ ነጋዴ እንደማለት። ግሡ ጥድፊያም አለበት፤ የሚንተከተክ ሽሮ ጎርሶ አፉን የተቃጠለም «ተስገበገበ» ይባላል።

ንፉግ የሰው ላይመኝ ይችላል፤ ያለውን ነው የማይሰጠው። ቡና አፍልቶ ጎረቤት የማይጠራ (ወሎ ላይ ደግሞ ይህ በዝምታ አይታለፍም)።

አስቸጋሪው ስስት ነው። «ስስታም» ነቀፌታ ነው፤ «እናት ለልጇ ትሳሳለች» ሲባል ግን ፍቅር፣ እንዳይነካባት መፍራት። ስለዚህ «በስስት አየው» ሲባል ምኑን ብላችሁ ጠይቁ፦ ሥጋውን ከሆነ መጎምጀት፣ ልጁን ከሆነ መውደድ ነው።

ቆጣቢን እዚህ አታስገቡት፤ የሚቀንሰው ከራሱ ወጪ ነው። «ቋጣሪ» ከተባለ ግን ወደ ንፉጉ ተጠግቷል።