ኮዴክ ምንድን ነው? የቆየ የቤተሰብ ቪዲዮን በዲጂታል ለማስቀመጥ ፎርማት ስለመምረጥ

የቆየ ካሴት የሚያስገለብጥ ሰው «በምን ይሁንልዎ?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ «በኤምፒ4» ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂውም ተስማምቶ ካሴቱን ይቀበላል። ሁለቱም የተግባቡ ይመስላቸዋል እንጂ ዋናው ጉዳይ ገና አልተነሣም፤ ኤምፒ4 የመያዣ ስም ነውና፣ በውስጡ የተቀመጠው ምስል በምን ስልት እንደታመቀና ምን ያህሉ እንደተጣለ አይናገርም። ይህን የሚወስነው ኮዴክ የሚባለው ነገር ነው።

ኮዴክ ማለት ምስልንና ድምፅን በዲጂታል መልክ የማመቂያ፣ ፋይሉ ሲከፈትም የታመቀውን መልሶ የመፍቻ ስልት ነው። መያዣው ግን ምስሉን፣ ድምፁንና ተያያዥ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚያስር ሲሆን፣ በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ የምናያቸው ኤምፒ4፣ ኤቪአይ፣ ኤምኦቪና ኤምኬቪ የሚሉት ሁሉ የመያዣ ስሞች ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣውን ኤቪአይን ብንወስድ፣ ሁለት የኤቪአይ ፋይሎች በስም መንትያ ሆነው ሳለ፣ አንዱ ኢንዴዎ የተባለውንና ዛሬ ብዙ ማጫወቻ የማያውቀውን ኮዴክ፣ ሌላው ደግሞ የዲቪ ካሜራ (በካሴት ላይ በዲጂታል የሚቀርጽ) ምስል ሊይዝ ይችላል። የቆየ ፋይል ተከፍቶ ድምፁ እየተሰማ ማሳያው ጥቁር ሆኖ ሲቀር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ማጫወቻው መያዣውን ከፍቷል፣ የድምፁን ኮዴክም አውቋል፣ ምስሉን ግን የሚፈታበት የለውም።

ለመሆኑ ማመቅ ለምን አስፈለገ? ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ቪዲዮ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ በአግድም 720፣ በቁም 576 ነጥቦች ይኖሩታል፤ በአንድ ሴኮንድም 25 ፍሬሞች ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢያዝ በሴኮንድ 20.7 ሜጋባይት፣ በሰዓት ደግሞ 75 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። አንድ ሣጥን ሙሉ ካሴት ላለው ቤተሰብ ይህ ብዙ ነው።

የማመቂያ ስልቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ምንም ሳይጥል የሚያምቅ ነው፤ ሲፈታ እያንዳንዱ ነጥብ እንደነበረ ይመለሳል። ቤተ መዛግብት የሚጠቀሙበት ኤፍኤፍቪ1 ከዚህ ወገን ሲሆን፣ የአሠራር ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ታትሞ ማንም ሊያነበው የሚችል ሰነድ ሆኗል። ፋይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሁለተኛው ወገን ዓይን ብዙም አይለየውም ያለውን የሚጥል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 አብዛኛውን ፍሬም ሙሉ በሙሉ ከመጻፍ ይልቅ ካለፈው ወይም ከሚቀጥለው ፍሬም የተለየበትን ብቻ ይመዘግባል።

ካሴት ላይ ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቪኤችኤስ የተባለው የተለመደው የቤት ቪዲዮ ካሴት ምስል፣ በተለይ በደብዛዛ ብርሃን ሲቀረጽ፣ በየቅጽበቱ በሚለዋወጥ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። ኮዴኩ ነጠብጣቡን ከፊት ገጽታ ስለማይለይ ሁሉንም እንደ አዲስ ለውጥ ይቆጥረዋል፤ የተመደበለት የዳታ መጠን ትንሽ ከሆነም ዳታውን ነጠብጣቡ ላይ ይጨርስና የሰውየው ጉንጭ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይሸፈናል። «ካሴቱ አርጅቶ ነው» እየተባለ የሚታለፈው ጉዳት አንዳንዴ ካሴቱ ላይ ጨርሶ የለም፣ የተፈጠረው በግልበጣው ነው። ከዚህም በላይ ፋይሉ ለመቁረጥም ሆነ ለማስተካከል በተከፈተና በድጋሚ በታመቀ ቁጥር ሌላ ነገር ይጣላል።

ከኮዴኩ ጋር አብሮ የሚወሰን፣ ብዙዎች ግን የማይጠይቁት ሌላ ጉዳይ አለ። የካሴት ዘመን ቪዲዮ አንድን ፍሬም በአንድ ጊዜ አይይዝም፤ መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን መስመር እያለ አንዱን ግማሽ፣ ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ደግሞ 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን መስመር እያለ ሌላውን ግማሽ ይይዛል። በእነዚህ ሁለት ቅጽበቶች መካከል ግቢ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ቦታ ስለሚቀይር፣ ፍሬሙ በኮምፒውተር ቆሞ ሲታይ በልጁ ክንድ ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ መስመሮች ይወጣሉ። ይህን ለማጥፋት ሁለቱን ግማሾች አዋህዶ በሴኮንድ 25 ፍሬም ማድረግ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የእንቅስቃሴው ግማሽ በዚያው ይጠፋል፣ ሩጫውም ይቆራረጣል። እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ፍሬም አሳድጎ በሴኮንድ 50 ማድረግ ይሻላል፤ ያም ቢሆን ለማያ ቅጂ ብቻ። ለማስቀመጫ የሚሆነው ፋይል መስመሮቹ እንደተፈራረቁ መቆየት አለበት፤ አንዴ የተዋሐደ ምስል በትክክል አይለያይምና።

ሚኒ ዲቪ ካሴት፣ መስመሮቹ የሚፈራረቁ ቢሆንም፣ ከኮዴክ ምርጫ ጣጣ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ካሴት ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ከመጀመሪያውም ዲጂታል ስለሆነ፣ በፋየርዋየር ገመድ በኩል እንዳለ ይቀዳል፤ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ይህን ወደ ሌላ ኮዴክ ቀይሮ ዋናውን መጣል ኪሳራ ብቻ ነው። የ8 ሚሊሜትር ፊልም ደግሞ በየፍሬሙ ስካን የሚደረግ ስለሆነ የሚፈራረቅ መስመር የለውም፤ እዚያ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 16 ወይም 18 ፍሬም የተቀረጸው በ25 ከተጫወተ ሰዎቹ ሁሉ የሚጣደፉ ይመስላሉ።

ምርጫው ለእኔ ቢሆን አንድ ፎርማት አልመርጥም፣ ሁለት እንጂ። የሚቀመጠው በኤፍኤፍቪ1 ታምቆ በማትሮስካ፣ ማለትም በኤምኬቪ መያዣ፣ ድምፁም ሳይታመቅ ይሁን፤ የሚታየውና ለዘመድ የሚላከው ደግሞ በኤች.264 ታምቆ በኤምፒ4 ይሁን፤ ለዚህኛው በሴኮንድ 5 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) ቢመደብ በሰዓት ከ2 ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም። ቦታ ያጠረው ሰው ለማስቀመጫም ኤች.264ን በሴኮንድ ከ10 ሜጋቢት ባላነሰ መጠን ቢጠቀም አልነቅፈውም። ዲቪዲ ብቻ ማስቀረጽን ግን አልመክርም፤ ኤምፔግ2 የተባለው ኮዴኩ ያረጀና ብዙ የሚጥል ነው፣ ዲስኩም ይበላሻል። ቪኤችኤስን በ4ኬ፣ ማለትም እጅግ ብዙ ነጥብ ባለው ምስል፣ እንገለብጣለን የሚል ማስታወቂያም ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር ካሴቱ ላይ ያልነበረ ዝርዝር አያመጣም።

ካሴቶቹን ሁሉ ከማስረከብ በፊት ብዙ እንቅስቃሴ ያለበትን አምስት ደቂቃ ብቻ አስገልብጦ፣ ሚዲያኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ የኮዴኩን ስም፣ በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደተመደበና መስመሮቹ ተፈራርቀው ይሁን ተዋሕደው እንደተቀመጡ በግልጽ ይዘረዝራል።